ሰብለን ለሮቦት ትምህርት ሞጣ ያደረስኩ ዕለት

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቢቸና

መናኸሪያው ጭቃ ነው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የጤፍ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ፍራሽ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰብለ ትዘላለች። ሞጣ ላይ ለትንንሽ ልጆች ኮዲንግ የሚባለውን፣ ማሽን ማዘዝን፣ በሮቦት ጨዋታ ያስተምራሉ። ዛሬ ልጆቹን ፈትነው ያለፉትን ለክረምቱ ይቀበላሉ። ካለፈች፣ እዚያው ሞጣ እህቴ ዘንድ ትቀራለች። ከወደቀችስ? እኔ ሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቢሳቅብኝ፣ ደብተሬን ጥዬ እንደወጣሁ ቀረሁ። እሷም እንደኔ እንዳትሆን ፈራሁ።

«እናቴ፣ ልጅቷን ይታቀፏት፤ ሰው ላስቀምጥ» አለ ረዳቱ።

«እኔ ተማሪ ነኝ» አለችው ሰብለ።

«እንግዲያው ቆመሽ ተማሪ።» መኪናው በሙሉ ሳቀ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ወርቅ

የተወለድኩባት ናት። ከታላቅ እህቴ ከእታበባ ጋር ጓሮ መሬቱን ጉድጓድ ጉድጓድ አድርገን፣ ጠጠር ለቅመን፣ ገበጣ ስንጫወት ይመሽብን ነበር። አንገቴን አስግጌ ጓሮውን ፈለግኩ። የብሎኬት መጋዘን ቆሞበታል።

አራት ሰዓት፣ ሞጣ

እታበባ ተቀብላን ወደ መማሪያ ክፍሉ ወሰደችን። ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሰመሩ ካሬዎች፣ ዳር ላይ የተሳለች ቤት። ሮቦቷ የጫማ ሳጥን የምታክል ባለ ጎማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ የቀስት ቁልፎች አሏት። «አንድ ጊዜ ስትጫኑ አንድ ካሬ ትሄዳለች፤ ቤቷ አስገቧት» አለች መምህርቷ።

ሰብለ ሮቦቷ ካለችበት ካሬ ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ጊዜ ተጫነች። ሮቦቷ ቤቷን አልፋ ግድግዳ መታች። ልጆቹ ሳቁ። ልጄ በሩን አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«አንድ ጊዜ ድገሚ» አለቻት መምህርቷ፣ ሮቦቷን መነሻዋ ላይ መልሳ።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ሰብልዬ፣ ገበጣ ስንጫወት ጠጠሩን መጣል የምትጀምሪው ከየት ነው?»

«ከሚቀጥለው ጉድጓድ።»

«ያነሳሽበትስ?»

«አይቆጠርም።» ሰብለ ሮቦቷ የቆመችበትን ካሬ አየች። አራት ጊዜ ተጫነች። ሮቦቷ ቤቷ ገባች።

«ይኼን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ መምህርቷ።

«እህቴ ናት፤ ስታሸንፈኝ ኖራ።»

«አሁንም አሸንፍሻለሁ» አለች እታበባ ከኋላ። ሰብለን መዘገቧት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞጣ መናኸሪያ

ሰብለ የእታበባን እጅ ይዛ ቆማ፣ ወደ ሚኒባሱ እንደ ሮቦቷ ታዘኝ ጀመር። «እማ፣ ወደፊት ሂጂ። አሁን ወደ ቀኝ። ወደፊት። ግቢ።»

እንባዬ መጥቷል። «ዙሪ» ትለኝ እንደሆነ ብዬ የሚኒባሱ በር ላይ ጥቂት ቆየሁ። አላለችኝም። ገብቼ ተቀመጥኩ።