አውራ ጣቴ የፈረደበት ዓይን

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ እኔን የሚስተካከል ኮርቻ ሰፊ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ማንም አላስተማረኝም። ያረጀ ኮርቻ ፈትቼ መልሼ በመስፋት ተማርኩ፤ ፊደልም እንደዚያው ለብቻዬ ቆጠርኩ። ቆዳን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ የሚበረክተውን ከማይበረክተው እለያለሁ። ፈረሰኞች ለጥር ግልቢያ ሲዘጋጁ ከሩቅ ቀበሌ ቆዳ ተሸክመው የሚመጡት ለዚህ ጣት ብለው ነበር።

የባለቤቴ ቀኝ ዓይን ግላኮማ በሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ጠፋ። ስናውቅ ዘግይተን ነበር። ለተረፈው ለግራው በየማታው የሚጨመር ጠብታ ታዘዘላት፤ ጠብታው ያቃጥላታል፣ ዓይኗንም ያቀላዋል። በዓመቱ እንጅባራ ስናስለካት የዓይኗ ግፊት ዝቅ ብሏል ተባለ። ጠብታውን ግን እንዳታቋርጥ፣ ባሕር ዳር ሄዳም በደንብ እንድትታይ መከሩን። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ ዓይኗን አስጨፍኜ በቆቡ ላይ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ላላ ያለ ነበር። ግላኮማ ዓይንን ያጠነክራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ በቃ ድነሻል አልኳት።

«እርስዎ ኮርቻ ሰፊ ነዎት። የኔ ዓይን የበሬ ቆዳ መሰለዎት?» አለችኝ እየሳቀች።

ጣቴ ተሳስቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አያውቅም አለች። ጠብታውን አቆመች።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን እየተወች ታልፍ ጀመር፤ እርጅና ነው አልኩ። መቃን ስትገጭም እንደዚያው አልኩ። ባሕር ዳር የወሰድኳት ጎረቤታችንን በድምፁ ካልሆነ መለየት ሲያቅታት ነው።

ሐኪሙ ከዓይኗ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚሉትን፣ ውፍረቱን ለካ። ከዚያ በጣቴ ምን እንዳደረግሁ ነገርኩት።

«አባባ፣ በቆብ ላይ በጣት አይታወቅም» አለኝ። «መሣሪያችንም ቢሆን ይህን ሽፋን ገፍቶ ነው ግፊቱን የሚያነበው። የእርሳቸው ስስ ነው፤ በሽታውም፣ አንዳንዱ ጠብታም ያላላዋል። ሲላላ በቀላሉ ስለሚሰረጉድ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ውስጥ ውስጡን ግን ግፊቱ ነርቩን ሲገድለው ቆይቷል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልገው ነበር። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ የከፋውም እሱ ነው። የግልገል ቆዳ ስልቻና የሙክት ቆዳ ስልቻ እኩል እህል ጠቅጥቀህ ብትነካቸው፣ የግልገሉ ለጣት ይበልጥ ይገባል። እህሉ ግን ያው ነው። ይህን ለስንቱ ያስተማርኩ ሰው፣ በሚስቴ ዓይን ላይ የቆዳውን ዓይነት ሳልጠይቅ ፈረድኩ።

በሚኒባሱ ስንመለስ ዳንግላ ደረስን። እዚያ ሰው ለማውረድ ሲቆም ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት።

«አዎ፣ የእርስዎ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠብታውን በገዛ እጄ እጨምርላታለሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ አንዲትም ጠብታ ጉንጯ ላይ ፈስሳ አታውቅም። የቀራት ነጭን ከጥቁር መለየት ብቻ ስለነበር፣ እንዳታጣኝ ነጭ ጋቢ ለብሼ መዋል ጀመርኩ። ቆዳ ስቆርጥም አላወልቀውም።

አንድ የሐምሌ ረፋድ ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳለ «ዛሬ ጋቢዎን አውልቀዋል እንዴ?» አለችኝ።

ታጥቦ ነው አልኳት። እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ስትዳስስ ጋቢውን አገኘችው።