ኮፈኑ ላይ የተለጠፉ ክሮች

ሰኔ 12 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ባትላሜው ከተኛበት ሳይነሳ ሲቀር፣ የአምቡላንሷ የግራ ጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ ገና አልተቆረጠም ነበር። ላዩ ላይ በጠመኔ የተሰመረ፣ ሠላሳ በአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የመኪና ቆርቆሮ ሲያቀና፣ ሲቆርጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ለክቶ የጨረሰውን መልሶ ስለሚለካ የጋራዡ ሰዎች «ሚሊ ሜትር» ይሉት ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከአንድ ልጁ ጋር ነው። ልጅቱ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሹፌር ናት።

መኪናዋ ጠንካራ ፎር ዊል ብትሆንም ዳገት ላይ ሞተሯ ይፈላል። ራዲያተሩ ተቀየረ፣ ማራገቢያው ተቀየረ፤ ያው ነው። ሙቀቱ ኮፈኑ ሥር ታፍኖ መውጫ አጥቷል። ግንቦት ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ጭና ወደ ጤና ጣቢያው በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ቆመች፤ ሴትዮዋም እዚያው መንገድ ዳር ወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ። የስምሪት ኃላፊው ግን ቁርጡን ተናገረ፦ ረቡዕ፣ ሰኔ 11፣ እኩለ ቀን ላይ እሱ ራሱ ተሳፍሮባት ዳገቱ ላይ ትሞከራለች። ከፈላች ለሐራጅ ትወጣለች፤ የሹፌሯም መደብ አብሮ ይዘጋል።

አባት እሁድ መቁረጫውን አነሳ። ሙያውን ያስተማረው ሰው እንዳሳየው፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንደሠራው፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ኮፈኑን ከፊት መስታወቱ ሥር ቀደደው። ሰኞ ልጁ ስትሞክራት የሙቀት ቀስቱ ከበፊቱ ፈጥኖ ቀዩ ውስጥ ገባ።

«አባዬ፣ ባሰባት እኮ።»

እሱ ከሚስቱ የስፌት ሣጥን ቀይ ክር አውጥቶ በጣት ልክ ቆራረጠና ኮፈኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር በፕላስተር ለጠፈው። ማክሰኞ ጠዋት እሷ ስትነዳ እሱ ጎኗ ተቀምጦ ክሮቹን አየ። መሐል ላይ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ያሉት ቀጥ ብለው ተነሱ። መስታወቱ ሥር ያሉት ግን ወደ ቀዳዳው ተስበው ገቡ። ነፋሱ መስታወቱን መትቶ ሲመለስ በዚያ እየገባ ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል።

«አቁሚ» አላት። ወርዶ ቀዳዳውን በእጁ ዳበሰ። «ተሳስቻለሁ። ስንቱን መኪና እንዲህ አበላሽቻለሁ።»

ልጁ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እሷ የምታውቀው «ቆርቆሮው መናኛ ነው» ሲል ነው።

የእሁዱን ቀዳዳ በይዶ ደፈነው። ኮፈኑን መሐል ላይ ቆረጠ፤ የቀኙን ፓራፋንጎ ከፍቶ የሽቦ ወንፊት አለበሰው። ግራው ላይ ሲደርስ መሸበት፤ አሰመረና ተወው።

ረቡዕ ኃላፊው ሲመጣ ክሮቹ ገና ከኮፈኑ ላይ አልተነቀሉም ነበር።

«ጋሼ፣ ሊድሯት ነው እንዴ? ሹሩባ ሠርተውላታል።»

«እሷስ ታገባለች፤ እኔ የፈራሁት አንተ ሳታገባ እንዳትቀር ነው።»

ዳገቱ ተጀመረ። አባት ዓይኑን ከቀስቱ አልነቀለም። ቀስቱ የመጀመሪያው የመንገድ ጥምዝ ላይ ግማሹን አለፈ፤ ሁለተኛው ላይ ሦስት አራተኛ ደረሰ።

«አባዬ፣ ላቁም?»

«እንዳታቆሚ። ከቆምሽ ነፋሱ ይቀርባታል።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ ከነደደ…» አለ ኃላፊው ከኋላ።

«መንገዱን እይ፣ የኔ ልጅ።»

ቀስቱ ከቀዩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። በሦስተኛው ጥምዝም ከዚያ አልነቃነቅ አለ። ጫፉ ላይ ደረሱ።

ኃላፊው ወርዶ መዳፉን ኮፈኑ መሐል ወዳለው ቀዳዳ አስጠጋና ቶሎ መለሰ። «ይሄማ ካውያ ነው!»

«ውስጥ የነበረው እሱ ነው። አሁን ወጣ።»

ኃላፊው የግራው ፓራፋንጎም እንዲከፈት አሳስቦ መኪናዋ ሥራ ላይ እንድትቆይ ፈረመ።

«ደክሞሃል፣ ወረቀቱን ነገ እኔ አስገባዋለሁ» አለች ልጁ ሲመለሱ።

«እስከ ነገ ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ?»

አባት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት ደረሰ። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱ ላይ ያለውን የታርጋ ቁጥር አነበበ፤ ስድስት መሆን በሚገባው ቦታ ዘጠኝ ተጽፏል። ሠራተኛዋ እያጉረመረመች ኃላፊው ዘንድ ሄዳ አሳረመች። ማኅተሙ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ፤ ወረቀቱ የመኪናዋ ፋይል ውስጥ ሲገባ አየና ወጣ። ግራውን ፓራፋንጎ ሊቆርጥ ያሰበው ለሐሙስ ጠዋት ነበር።