ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ማሽን

ባለፈው ሰኞ ሰመራ፣ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ መጋዘን ገብቶ የማይሠራውን እቃ ሲመዘግብ ነበር፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በዚህ ወር ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ረፋዱ ላይ መግባት ማለት ራስን በገዛ እጅ ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ሆዱ የተዘረገፈ ኮምፒዩተር፣ ስንት ሥልጠና ያሳለፈ ፕሮጀክተር ጻፍኩና አንዱ ባልደረባችን፣ እንደ ሁልጊዜው ሕግ አክባሪ ሆኖ፣ ሳይሞከር አይወገድም ብሎ አንድ አሮጌ የዲስክ ማጫወቻ ሶኬት ላይ ሰካው። ውስጡ የተኛው የስንት ዓመት አቧራ ሲግል ያ ሽታ ወጣ፤ የተቃጠለ አቧራ፣ የጋለ ፕላስቲክ። ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ። ሙቀቱ መቷት ነው ብለው ውሃ ይዘው ተከተሉኝ። ለሙቀቱማ ማን ብሎኝ፣ እኔ የአዋሽ ልጅ ነኝ።

በዚያ ሽታ ውስጥ የነበረው የአባቴ ሳሎን ነው። ቤታችን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ነፋሱ ከገደሉ በኩል አሸዋ እያፈሰ ቀኑን ሙሉ በሩን የሚደበድበው ቤት ነበር። አባቴ ሙሉጌታ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ የተሳቢ ጎማ ብቻውን አንስቶ የሚሰቅል፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው። ክፉ አልነበረም፣ ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ እጁ ግን ከሐሳቡ ይቀድም ነበር። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ይመታዋል፣ ቴሌቪዥን ሲንቀጠቀጥ ይመታዋል፣ ፍየል አጥር ስትበላ ይመታታል፣ እኛም ስናጠፋ ያው ነው፤ ሁላችንንም የሚጠግነን በአንድ ዘዴ ነበር። ሬዲዮው ይስተካከል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

የልብ ጓደኛው ጎረቤታችን ጋሽ ኢብራሂም ነበር፣ የጋራዡ ባለቤት። በሁለታችን አጥር መካከል ራሳቸው ቆርጠው የከፈቷት ጠባብ በር ነበረች፤ በእሷ በኩል ለፋሲካም ለኢድም ሳህን ሲመላለስ፣ እኛ ልጆቹ የማን ቤት ውስጥ እንደምናድር የሚጠይቅ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ሳምሶንና የጋሽ ኢብራሂም ልጅ ጀማል እኩያሞች ነበሩ፤ በቀን ሦስቴ ተጣልተው አራቴ የሚታረቁ።

እህቴ ሐና ስትዳር እኔ አሥር ዓመቴ፣ ሳምሶን አሥራ ዘጠኝ ነበር። ዳሱ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ፣ የእስላሙ ድግስ ለብቻው ተሠርቶ፣ አባቴ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የጀመረውን አረቄ በቢራ እያባረረ፣ ክራቫቱን ፈትቶ ግንባሩ ላይ አስሮ ይጨፍር ነበር። ከዚያ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከመተሐራ መጣ። የሙሽሪት ወገን በር ላይ ቆሞ አናስገባም እያለ በዘፈን የሚከላከልበት፣ ሚዜዎቹም እየገፉ የሚገቡበት ወግ አለ፤ ጨዋታ ነው፣ ሁሉም የሚስቅበት። ጀማልና ሳምሶን ከፊት ቆመው በሩን ያዙ። ጨዋታው መቼ ጨዋታ መሆኑን እንደተወ እስካሁን የሚያውቅ የለም። አንዱ ሚዜ የሳምሶንን አንገት አነቀ፣ ሳምሶን በቴስታ አፍንጫውን አለው፣ ደም ነጭ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ፣ ያን ያየ ሁሉ ያበደ ይመስል አግዳሚ ወንበር አነሳ። የዳሱ ምሰሶ ተገነደሰ፣ እልልታው ወደ ዋይታ ተለወጠ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነበር፤ የተወለወለ ጫማ የወደቀ ሰው ሆድ ሲረግጥ አይቻለሁ፣ የባለ ክራቫት ሰው እግር እንዲህ ይረግጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ የቢራ ጠርሙስ ተወርውሮ መጣና፣ ዞር ያለው ጀማል ፊት ላይ ተሰበረ። ግራ ዓይኑ እዚያው ፈሰሰ።

ናዝሬት ወሰዱት፤ ዓይኑ ግን ላይመለስ ሄዷል። ጠርሙሱ የመጣው ሳምሶን ከቆመበት ጎን ነው አለ ጀማል። በዚያው ሳምንት በሞተር ሳይክል ሰበብ ተጣልተው ሳምሶን አሳይሃለሁ ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ኢብራሂም ክስ ከመመሥረቱ በፊት፣ ለጎረቤትነቱ ሲል፣ ሽማግሌ ይየው አለ። አባቴ እንደሆን ከዳሱ ጭፈራ በኋላ ያለውን አያስታውስም፤ ሰዎች ተሸክመው አስተኝተውት የነቃው በማግስቱ ነው።

ማስረጃው የሰርጉ ፊልም ነበር። የጡረታው ባቡረኛ አቶ ደምሴ የሽማግሌዎቹ መሪ ሆነው ሳሎናችን ተቀመጡ፤ ዲስኩ እዚያ አቧራ የሚሸት ማጫወቻችን ውስጥ ገባ፣ ያቺ ጀርባዋ እንደ ግመል ሻኛ ያበጠ ቴሌቪዥናችንም በራች። ጸቡ ጋ ሲደርስ አቆሙት። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን ጠርገው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ጠርሙሱ አረንጓዴ ጭረት ሆኖ ከስዕሉ ግራ ጠርዝ ሲገባ ይታያል። ሳምሶን እዚያው ጠርዙ ላይ ነው፤ ግማሽ ፊቱ፣ ትከሻው፣ ከዚያ በኋላ የለም። ቀኝ እጁ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ጠርዙ ይጠፋል። መላልሰው አጫወቱት፣ አባቴም ቴሌቪዥኑን ሁለቴ መታው፤ እጁ አልመጣም።

ያኔ ነው የማሽኑ ወሬ የተነሳው። ከጅቡቲ የመጣ የመኪና ረዳት ሎጊያ ገበያ አዲስ ዓይነት የዲስክ ማጫወቻ ገብቷል፣ ሃይ ዴፊኒሽን ይባላል፣ ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው አለ። በማግስቱ አዋሽ ሙሉ ስለ ማሽኑ ሊቅ ሆነ። የዝንብ ክንፍ ያስቆጥራል አሉ፤ በሰው ጥርስ መካከል የገባ ሥጋ ያሳያል፣ ከየትኛው በሬ እንደሆነ ብቻ ነው የማይነግርህ አሉ። ካሜራው ያላየውን ማጫወቻ ከየት ያመጣዋል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ማሽኑ ይምጣና እንየው ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

አባቴ ሳምንታት አወጣ አወረደ። እናቴ ተቃወመች። ትናንት ካሴት አላችሁ፣ ካሴቱ ለአህያ መጫኛ ሆነ፤ ዛሬ ዲስክ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል፣ የሚሠራ እቃ አስቀምጦ ሌላ መግዛት ጥጋብ ነው ትላለች። የድሮውን ዲስክ አዲሱ ያነበው አያነበው ማን አይቶ ትላለች። ምክንያቷ ሁሉ ጥሩ ነበር፤ አንዱም ግን እውነተኛው አልነበረም። እናቴ ሳምሶን ነው ብላ አምና ነበር፣ ፈርታለት ነው።

አባቴ በበኩሉ ማሽኑ እስኪመጣ መጠበቁ አልሆንልህ አለው። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ሳምሶንን ጓሮ ያስገባና በመኪና ቺንጋ፣ በዚያ የሞተር ጎማ ቀበቶ፣ ተናገር እያለ ይገርፈዋል። ሳምሶን አላደረግኩም ይላል፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አይወጣውም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ሲላቀቅ የሚያወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ምሳ ላይ አባቴ ወስኛለሁ፣ ለሎጊያው ነጋዴ ልኬበታለሁ አለ። ሳምሶን እጁን ከትሪው ላይ አነሳ።

«አባዬ፣ በእናትህ ይቅርብህ። አትግዛው።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። እኔም አየሁት፣ እናቴም። ለሦስታችንም ያ ልመና ጥፋቱን ያመነ ያህል ነበር።

«ልጄ ከሆነ» አለ አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «በገዛ እጄ ነው ለኢብራሂም የማስረክበው።»

ከዚያ ቺንጋ እንኳን አልፈለገም፤ በጡጫ ነው የገባበት። ትሪው ተገለበጠ፣ የሳምሶን ራስ ከቡፌው ጠርዝ ተላተመ፣ ሁለት ጥርሱ ወጥ ላይ ወደቀ። እናቴ ላዩ ላይ ስትወድቅበት ለእሷም ደረሳት። ሳምሶን እጁን አላነሳም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጎረምሳ ነው፣ ቢፈልግ ይችለው ነበር፤ ፊቱን እንኳን አልከለለም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋላፊ የሚሄድ መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ። ጥፋቱ ነው ያስኮበለለው አለ ሰው። እኛም አልን። እኔም፣ ትንሿ እህቱ፣ በየሌሊቱ በትከሻው ተሸክሞኝ ሽንት ቤት የሚያደርሰኝ ልጅ እህት፣ እንደ ሰው አልኩ።

ማሽኑ መጣ፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ሊሰካ ሲል ጉድ በል አዋሽ፣ ቴሌቪዥናችን የገመዱ መግቢያ ቀዳዳ የላትም! ባለሙያው፣ ነጋዴው የላከው ወጣት፣ ይህ የሚሠራው በጠፍጣፋው ቲቪ ነው አለ። አባቴ ሳጥኗን ሊመታ እጁን ሲያነሳ ጋሽ ኢብራሂም ወጣና በዚያች በአጥሩ በር በኩል ከገዛ ሳሎኑ የነቀለውን ጠፍጣፋ ቲቪ ከሁለት መካኒኮቹ ጋር ተሸክሞ ተመለሰ። አንዱ አባት ማጫወቻውን፣ ሌላው አባት ቲቪውን ይዞ እውነትን ሊገጣጥሙ ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ጀማል በሩ ሥር ቆሞ ነበር፣ ዓይኑ ላይ ፋሻ አለ።

ስዕሉ ያው ነበር። ጭጋጉ አልጠራም፤ እንዲያውም ሲሰፋ ብሷል። አቶ ደምሴ ኤጭ ብለው ሊነሱ ነበር። ብቻ፣ አሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች የስዕሉን ዳር ዳር ይበላሉ፤ ይህን ባለሙያው ኋላ ነው ያስረዳን። አዲሱ ቲቪ ሙሉውን አሳየ። በግራ በኩል አንዲት ጣት የምታህል ስፋት ተጨመረች፣ እዚያች ውስጥ የሳምሶን ቀኝ እጅ ነበር። ክንድ ይዟል። የሚወረውር ሰው ክንድ ሊያስቆም ተንጠልጥሎበታል። ከክንዱ በላይ ደግሞ ጭጋግ የማይደብቀው፣ ግንባሩ ላይ ክራቫት ያሰረ ሰው አለ።

ውጭ ነፋሱ በሩን ይመታ ነበር። ጋሽ ኢብራሂም የልጁን ዓይን ያጠፋውን ሰው፣ ወንድሜ የሚለውን ሰው፣ ዞሮ አየው፤ እኔ አሁን ያርደዋል ብዬ ነበር።

«ሙሉጌታ፣ ልጅህን ምን አደረግከው?» አለው።

አባቴ ተነሳና ወደ ግድግዳው ሄደ። በቀኝ እጁ ድንጋዩን መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው፤ ሰው ይዞ እስኪጥለው ድረስ አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ እየሰማን መታው።

በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ጋሽ ኢብራሂም ደጅ ተንበረከከ። ካሣውም ተፈጸመ፣ ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ ተባለ፣ ተሳሳሙም። ግን ዓመት ሳይሞላ በአጥሩ ውስጥ ያለችውን በር አንድ ሰው በቆርቆሮ መታት፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። አባቴ ከዚያ ለሳምሶን ሽማግሌ ላከ። አባት ለልጁ! አገር ጉድ አለ። ሳምሶን የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ፣ ከአባቴ ጋር ምንም ጸብ የለኝም ብሎ በክብር ሸኛቸው፤ አልመጣም። እናቴ ልጇን ጠርጥራ የኖረችበትን ጸጸት ይዛ ሞተች። ለቀብሯ መጣ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ግን ወደ ቤት አልገባም። ሐናም ፊልሙን ለልጆቿ አሳይታ አታውቅም፤ እናታቸው ስትዳር ምን ትመስል እንደነበር አያውቁም።

አሁን ሳምሶን ራሱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። በሳምንት ሁለቴ በአዋሽ ያልፋል፣ ከእኛ ቤት መቶ እርምጃ የማይሞላ አስፋልት ላይ፤ አይቆምም። ዓምና ሚሌ ላይ ቀጠርኩትና ምሳ አብረን በላን። ያኔ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። ሥጋው ጥርስ አልባውን ጎን እንዳይነካ እያዞረ አላመጠና፣ አባዬ እኮ ራሱ መሆኑን አያውቅም ነበር፣ እያወቀ ቢመታኝ እናገር ነበር አለኝ፤ በቃ ይኸው። ታዲያ አሁን ምን ያግድሃል፣ ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ነው አልኩት። እቤት ብገባ የማየው እጁን ነው አለኝ። ያ እጅ ከዚያን ቀን ወዲህ ተጨብጦ እንደማያውቅ፣ መሪ መያዝ አቅቶት መኪናውን እንደተወ፣ ልጠይቀው ስሄድ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳን እኔ እንደምቆልፍለት ነገርኩት።

«ግራውስ?» አለኝ።

አልቀለደም። ዓይኑን ከፊቴ ሳይነቅል መልሴን ይጠብቅ ነበር። አባቴ ዛሬ የሚጎርሰውም የሚያማትበውም በግራው ነው፤ ለሳምሶን ግን ደህና ነው ማለት አልቻልኩም።