ከኮርኒሱ በላይ የነበረው አጎቴ

ዛሬ ጠዋት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮርኒሳችን ላይ ሲራመድ እንጨቱ ሲጢጥ አለና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያደረግኩትን አስታወሰኝ።

ያኔ በስደት አገር፣ ትሮይቪል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በእንግሊዞች ዘመን በአንድ ረድፍ ተያይዘው ከተሠሩት አሮጌ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር። ግድግዳ ከጎረቤት ቢለየንም ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነበር። ፖሊሶች ሲመጡ የመኖሪያ ወረቀት ያልነበረው አጎቴ እዚያ ወጥቶ ተደበቀ።

«ሌላ ሰው አለ?» ብሎ አንደኛው ፖሊስ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት፤ ዓይኔ ግን ወደ ላይ ሄደ።

አጎቴን አቧራ እንደለበሰ አውርደው ወሰዱት፤ ወደ አገሩም መለሱት። እናቴ ፊቴን እያጠበች «ይህን ለአጎትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ። ምኑን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አጎቴ አሁንም ከሆሳዕና ይደውልልኛል። «የትኛው ጎረቤት እንደጠቆመብኝ ባወቅኩ» ይለኛል። ዓይኔም እንደገና ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል።