ሲጋደም የሚሠራ ሰዓት

ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰኝ የቤንዚን ሽታ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ፊቴን በሁለት እጁ ይይዘኝ ነበር። እጁን ስንት ጊዜ በሳሙና ቢታጠብ ሽታው ከጣቶቹ አይለቅም። እስከ ዛሬ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ጉንጬ ላይ እጅ ያረፈ ይመስለኛል።

የሰዓት ዕቃ የሚያጥበው በቤንዚን ነበር። ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ በልብስ ሰፊውና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በጎኑ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳው ላይ ባለቤት የጠፋላቸው ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጊዜ ይናገራል። ደንበኞቹ «ጋሽ ደቂቃ» ይሉታል። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ሳይል ሥራ አይቀበልም፤ ያቺ ደቂቃ ደግሞ አንዳንዴ ሳምንት ትፈጃለች።

«ጊዜ የማያውቅ ሰው ሰዓት ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል ልብስ ሰፊው፣ አንገቱን በበሩ በኩል አስግጎ።

አባቴ ቀና ሳይል፣ «አንተ የሰፋኸውን ሱሪ የለበሰ ሰውስ ተቀምጦ ያውቃል?» ብሎ ይመልስለታል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ። አባቴ በግራ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ፣ በቀኝ እጁ ወረንጦ ይዞ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን ከቦታዋ ያነሣል፤ ይመልሳል። ያቺ እጅ ስትንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። በንግግር ቁጥብ ነበር፤ ሲናደድም ሲደሰትም የሚታወቀው በእጁ ነው።

መጀመሪያ የከዳው መነጽሩ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለ ከላይ ወደ ታች መጋረጃ እንደ መውረድ ብሎ ጨለመበት። መነጽሩን አውልቆ ወለወለው። መልሶ ሲሰካው ያያል። «እርጥበት ገብቶበት ነው» አለ። በሳምንቱ ደገመው፤ አምፖሉን ቀየረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን አዲስ መነጽር ገዛ፤ ልብስ ሰፊውንም አሮጌውን ወደ ብርሃን ይዞ እንዲመረምርለት ጠየቀው።

«እኔ የማየው ጥሩ መስታወት ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ያረጀው ከኋላው ያለው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኔ ታመመ ብሎ ገና በመጀመሪያው ቀን በደነገጠ። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት ያየ ሰው ስለሆነ፣ ጥፋቱን መስታወቱ ላይ ሲፈልግ ሁለት ወር አለፈው። መነጽሩን ወደ ቀኝ ዓይኑ አዛውሮ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ሲታየው ነው ጥፋቱ የዓይኑ መሆኑ የገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት እሄድ ነበርና፣ እንደ ቀልድ አድርጎ ነገረኝ። ሰኞ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ዓይኑን አየችና ብዙም ሳትቆይ ወደ አንገቱ ዞረች። ማዳመጫዋን በግራ አንገቱ ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ ሰማች። አባቴ፣ ሰዓት ጆሮው ላይ ለጥፎ ሕመሙን ሲለይ የኖረው ሰው፣ «እስቲ ለእኔም» አላት። ፈገግ ብላ ጆሮው ላይ አደረገችለት። በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ነፋስ የመሰለ፣ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ።

«ቆሻሻ ይዟል» አለ አባቴ። «ይህ መታጠብ አለበት።»

«ልክ ነዎት አባት» አለች ሐኪሟ።

በሁለተኛው ቀን፣ አንገቱና ጭንቅላቱ በመሣሪያ ከታየ በኋላ፣ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ አስረዳችን። በግራ አንገቱ ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። እስካሁን ሳይወድቅ ያቆመው ከቀኝ በኩል እየተሻገረ የሚደግፈው ደም ነው። በእኛ ዘመን የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የተቀባ ሰው ነበር፤ ደም ከልብ ይወጣል፣ ወደ ልብ ይመለሳል፤ መምህራችን በዱላው ጫፍ እየተከተለ ያሳየን ነበር። ደም መንገድ ሲዘጋበት በጎን እንደሚሻገር ያ መጽሐፍ አልነገረንም።

«አንጎል ሥር ደም ሥሮቹ የሚገናኙበት ቀለበት አለ» አለች ሐኪሟ። «አንዳንድ ሰው ሰፊ ቀለበት ይዞ ይወለዳል፤ አንዱ ወገን ቢዘጋም አያውቀውም። የእርስዎ ግን እዚህ ጋ ቀጭን ነው። የሚሻገረው ትንሽ ነው፤ ያንን ትንሽ የሚገፋው ደግሞ ግፊትዎ ነው። ግፊቱ ብዙ ከወረደ አይሻገርም። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንገትዎን ከፍተን እንጠርገዋለን። እስከዚያ ከሚወስዷቸው ሁለት የግፊት ማውረጃ ክኒኖች አንዱን ይተዉ።»

አባቴ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህ የግራው ወገን የሚያዘው የትኛውን እጅ ነው?»

«ቀኙን።»

ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው ሌላ አልነበረም፤ ያቺ እጅ አምስት ሳምንት እንድትቆይለት።

እናቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ሁሉ ነገር በሰዓቱና በቦታው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። የገዛ እናቷ፣ አያቴ፣ ከምሳ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠች ወድቃ የሞተችው በደም ግፊት ነው። ስለዚህ የግፊት ቁጥር ለእናቴ እንደ ጠላት ነው፤ በወረደ ቁጥር ድል ነው። የሐኪሟን ቃል ስነግራት ሳህን እያደራረቀች ነበር።

«አንዱ ይቁም ብላለች እማዬ።»

«እናቴ ስትወድቅ የት ነበረች እሷ?»

«ይኸ እኮ ሌላ ነው። ደሙ የሚሻገረው...»

«እሺ ሰማሁ። አትጨቅጭቂኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ መደርደሪያው ላይ ሁለቱም የክኒን ካርዶች እኩል ጎድለው አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ። አራት ሳምንት ነው የቀረው፣ ምን ይሆናል፣ በገዛ ቤቷ ላዋርዳት ነው ወይ ብዬ። ያን ዝምታዬን ስንት ጊዜ መልሼ እንደኖርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ ጠዋትና ማታ ክንዱን እያሰረች ትለካዋለች። «ዛሬ አንድ መቶ አምስት» ትላለች፤ ሌላ ቀን «አንድ መቶ»። አባቴ ክንዱን ሰጥቶ፣ ክኒኑን ከመዳፏ ተቀብሎ ይውጣል። ክርክር አይወድም፤ ከእሷ ጋር ደግሞ ከናካቴው።

በዚያ ሰሞን ሱቅ ውስጥ ለልብስ ሰፊው የነገረውን ልብስ ሰፊው በኋላ ነግሮኛል። ተጋድሞ ሲያርፍ ደህና ነው፤ ብድግ ሲል ቀኝ እጁ ትለግማለች። እንደገና ጋደም ሲል ትመለሳለች።

«ጠረጴዛ ላይ ስታጋድመው አንድ ሰከንድ የማያጎድል ሰዓት አለ» አለው። «ቀጥ አድርገህ ስትይዘው ግን ይዘገያል። ሰው ውስጡ የምትወዛወዘው መንኮራኩር፣ ሚዛኑ፣ ተበላሽቷል ይላል። ሚዛኑ ደህና ነው። ሞላው ደክሞ፣ የሚገፋው ጉልበት አንሶት ነው።»

«እንግዲያው አንተንም ጠረጴዛ ላይ እናጋድምህ» አለው ልብስ ሰፊው።

ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ሐኪሟ የነገረችውን በራሱ ሙያ ቃል መልሶ መናገሩ ነበር። አካሉን እንደ ሰዓት በየአቀማመጡ ፈትኖ፣ ሕመሙን ከነምክንያቱ አግኝቶታል። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ለእናቴ ምንም አላለም።

ቀዶ ጥገናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እናቴ ለካችውና «ዘጠና ሁለት! እንደ ወጣት ልጅ ሆነሃል» አለችው። ቁርሱን በልቶ፣ ክኒኑን ውጦ ሄደ። ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ ሰዓቷን ልትወስድ መጣች። ከግድግዳው ላይ ሊያወርድላት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ክንዱን ዘረጋ። ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «አንድ...» አለ፤ ሌላው ቃል አልወጣም። ልብስ ሰፊው ሲደርስ በጠረጴዛው እግርና በግድግዳው መካከል ተቀምጦ ነበር፣ ዓይኑ ክፍት።

ከስድስት ቀን በኋላ ሆስፒታል አልጋው ዙሪያ ሦስት ሆነን ቆምን፤ እናቴ፣ እኔና ሐኪሟ። ሐኪሟ የማይሆን ተስፋ አልሰጠችንም። የሚሻገረው ደም አብዛኛውን አንጎል አትርፎታል፤ ያ ባይኖር ኖሮ አልጋው ባዶ ነበር። የሞተው፣ ደም በመጨረሻ የሚደርስበት የአንጎሉ ዳርቻ ነው። የምንለውን ይሰማል። እግሩ ቀስ በቀስ ይረግጣል። እጁ ግን ወደ ሥራው አትመለስም። ንግግሩም ገና አይታወቅም።

ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግታለች። ነርሷ አጥባት የሳሙና ሽታ ትሸታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ሐኪሟ፣ ወረቀቷን እያየች። «ሲመጡ ግፊታቸው በጣም ወርዶ ነበር። አንደኛው ክኒን ቆሟል አይደል?»

እኔ ወለሉን አየሁ። እናቴ የቦርሳዋን ማሰሪያ በጣቷ ጠመዘዘች፤ አፏን ከፈተች።

አልጋው ተንቋቋ። አባቴ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ ደረቱን መታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሐኪሟን ትክ ብሎ እያየ።

«እርስዎ ነዎት? ራስዎ ነዎት የወሰዱት?»

ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። አባቴ ሲዋሽ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሟ ጻፈች። እናቴ ግን እሱን ነበር የምታየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለቱንም ክኒን እንደምትሰጠው ያወቀ አልመሰላትም ነበር፤ እያወቀ ከመዳፏ እየተቀበለ ሲውጥ እንደሰነበተ ያን ጊዜ ገባት። የብርድ ልብሱን ጠርዝ አስተካከለች። ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አነሣች። በሩን ከፍታ ወጣች።