የወይዘሮ ደጊቱ ምድጃ

አንጥረኛው ገርባ ጣሊያን ሰበታ ላይ ጥሎት የሄደውን የብረት ምድጃ ሁሉ ሲጠግን ኖሯል፤ የወይዘሮ ደጊቱ ምድጃ ግን አንገፈገፈው። ሁለቴ በቆርቆሮና በብሎን አጥብቆ መለሰላቸው፤ ሁለቴም ተሰንጥቆ መጣ። በሦስተኛው እቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠገነና እሳት አነደደበት።

ጠምቶት ውሃ ቢጠይቅ፣ የአንጥረኛ አፍ ብርጭቋቸውን እንዳይነካ በዛገ ጣሳ ሰጡት። ከዝገቱ ይልቅ ንቀቱ አስከፋው፤ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

ምድጃው ፍም ሲመስል ወይዘሮዋ ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። "እንደ ወትሮው የእጅህን ቡዳ ከምድጃው ላስለቅቅ" ብለው ቀዝቃዛ ጠበል ቸለሱበት። የጋለው ብረት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

"አየህ ቡዳው ሲወጣ!" አሉ።

ገርባ መዶሻውን አንስቶ ደጃፋቸው ላይ እንትፍ አለ።

"ቡዳውስ ወጣ፣ እሜቴ። እንግዲህ ምድጃዎን ጠበልዎ ይጠግንልዎት!"