የመስፍኑ ፎቅና የሌሊት ወፎቹ

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ የድሮ መስፍን ያሠሩት የድንጋይ ፎቅ ቤት አለ። ጌታው በሕይወት ሳሉ ከአገሬው ግብር ሲቀበሉ ኖረዋል ይባላል፤ ዛሬ ግብር የሚያስገባላቸው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፤ እሱም ኩስ። ቀን ቀን ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥለው ይተኛሉ፣ ማታ ይወጣሉ። የቤቱ ዘበኛ አባቴ ናቸው።

እኔ ከተማው ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ደብረ ብርሃን ያሉ ስድስት አስተማሪ ጓደኞቼን የሌሊት ወፎቹን እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ እንዲሉ፣ እነዚያን ኩሳሞች «የአካባቢያችን ብርቅ ሀብት» አልኳቸው። ደንቡንም በስልክ ላክሁ፦ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤቱ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ውስጥ አለመግባት፣ ባትሪ አለማብራት፣ ድምፅ አለማሰማት፤ ከዚያ በላይኛው መስኮት እየተግተለተሉ ሲወጡ ማየት።

ለስድስት ሰው ሁሉንም አስረዳሁ። ለአባቴ ግን «እንግዶች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ» ብቻ አልኳቸው። ያስተማሯት ልጃቸው ሰው ከደብረ ብርሃን ድረስ ለሌሊት ወፍ ብሎ ይመጣል ብትላቸው እንባቸው እስኪፈስ እንደሚስቁ አውቃለሁ። አፈርኩ።

የመንዝ ሰው ደግሞ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እንኳን ቤቱን የጎረቤቱንም ደጅ ይጠርጋል። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጉ፣ አጠቡ። ሽታው አልለቅ ቢላቸው ወይራ አጭሰው ቤቱን እንደ ወተት ዕቃ አጠኑት። ስንደርስ ሣር ጎዝጉዘው፣ የሱፍ ባናቸውን ደጅ ላይ አንጥፈው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከጣሪያው ሥር አንድም የሌሊት ወፍ የለም።

«የሌሊት ወፎቹ የት ሄዱ?» አልኳቸው።

«አባረርኳቸዋ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «የእነሱ ኩስ በእንግዳ ራስ ላይ ይውረድ?»

«ምን ነካዎት? አበላሹብኝ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ በሰው ፊት። በዕድሜዬ እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጠላ ሊቀዱ ሄዱ።

እንግዶቹ ጨዋ ናቸው። እስኪጨልም ባናው ላይ ተቀምጠው ባዶ መስኮት አዩ። አንደኛውማ ፎቶ አነሳው። ጠላቸውን ጠጥተው፣ አባቴን መርቀው ሄዱ።

ሁለታችን ስንቀር እንግዶቹ ሊያዩ የመጡት ምን እንደነበር ነገርኳቸው። አባቴ ጉዝጓዙን እየሰበሰቡ ነበር፤ ቀና አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይስቁብኛል ብዬ።»

ያቀፉትን ሣር መሬት ላይ አስቀመጡ።

«መሳቁንማ እስቅ ነበር» አሉ። «ስቄ ሳበቃ ግን ያንቺን እንግዶች ትቼ የሌሊት ወፎቹን ደጅ እጠብቅልሽ ነበር።»